ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ የቆሙበት ቅዳሜ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ቡሬ።

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን የሚይዝዎት ቁርጥማት ዘንድሮ ራርቶልዎታል ወይስ ክረምቱን ተገን አድርጎ ተመልሷል? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ነው፤ የላክሁት ጠብታ አላለቀባትም? ዝናቡ ያዘላችሁ? ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ፣ ግቢው ሁሉ ደህና ነው? እኔ፣ ባለቤቴ ደምመላሽ፣ የልጅ ልጅዎ ሳሌምና ልጅዎ ሄለና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስል ለወግ ያህል እንዳይመስልዎት። ሁላችንም እየበላን፣ እየሠራን፣ እየተኛን ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ሲባል ይሉኝ ይሆናል። ስልኩ አልፎ አልፎ እንኳ ይሠራ የነበረው ከፋሲካ ወዲህ ጭራሽ ዝም አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው አቶ አክሊሉ ለአንድ ወር አዲስ አበባ ስለሚሄዱ፣ ይህን ወረቀት ለቡሬ አውቶቡስ ሾፌር ለመስጠት ቃል ገብተውልኛል። መንገዱ ከተከፈተ ይደርስዎታል፤ ካልተከፈተም ከሾፌሩ ኪስ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እዚህ ያለን ሰዎች ጦርነቱን በጆሯችን ነው የምንኖረው። እናንተ ተኩሱን ትሰማላችሁ፣ እኛ ወሬውን። ሾፌሩ ለአዲስ አበባ ዘመድ ይነግራል፣ ዘመድ ለሳን ሆዜ ይደውላል፣ ሳን ሆዜ ለኦክላንድ ያስተላልፋል፤ ሁሉም ሲያልፍበት ትንሽ ጨው ይጨምርበታል። ባለፈው በቡሬ አንድ የግንብ አጥር ፈረሰ ተብሎ የተነሣው ወሬ ሳን ሆዜ ሲደርስ ገበያው ተቃጠለ ሆኖ ነበር፤ ኦክላንድ ሲገባማ ቡሬ የምትባል ከተማ አልቀረችም። ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርሁ። የማነሣቸውን አረጋውያን አንሥቼ፣ የማጥባቸውን አጥቤ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስሁና ወጣሁ። በማግስቱ አጥሩ ብቻ መሆኑ ሲነገረኝ አጥሩን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ያለው የእኛ ሰው ምግብ ቤት ቴሌቪዥኑን ዘግቶታል። በዜናው የተነሣ ሁለት ደንበኞች በአንድ ትሪ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሳለ ተጣልተው፣ አንዱ ክትፎውን ትቶ ወጣ። አሁን የሚከፈተው ለእግር ኳስ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢም ሰላምታው ተለውጧል፤ እንደምን አደርሽ መባል ቀርቶ፣ ደወሉልሽ ወይ ሆኗል። ደወሉልኝ ያለች ሴት ደስታዋን ቀነስ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ያልተደወለላት አጠገቧ ትኖራለችና።

ከማስታምማቸው አሮጊቶች አንዲቷ፣ ባላቸው በወጣትነታቸው ቬትናም ዘምቶባቸው ነበርና፣ ነገሩ ይገባቸዋል። ያን ጊዜ ከምሳ በፊት የፖስታ ሣጥኑን አልከፍትም ነበር አሉኝ፤ ቢያንስ ምሳዬን እንድበላ። እኔም ከእሳቸው ተምሬ፣ ሥራዬን ሳልጨርስ ወደ እናንተ ስልክ መሞከር ትቻለሁ። ወጥቼ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ስደርስ እሞክራለሁ፤ የስልኳ ሴትዮም በእንግሊዝኛም በአማርኛም አይገኝም ትለኛለች፤ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ደምመላሽ ወደ ኤርፖርት ሥራው ሄዶ፣ ሄለና ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋ ሳትመለስ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ብርሃነ መስቀል፣ አቶ መንገሻና አቶ ሙስጠፋ ተደርድረው ቆመዋል። ሦስቱም ለብርዱ ጥቁር ካፖርት ደርበዋል። አቶ ብርሃነ መስቀል በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሠርግና ልቅሶ ካልሆነ የማንንም በር አያንኳኩም። ግቡ አልሁ፣ ገቡ። ተቀመጡ አልሁ፣ እምቢ አሉ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

አባዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያስቡ ነበር? በማለዳ፣ ሦስት ሽማግሌ፣ ጥቁር ካፖርት፣ ያቀረቀረ ፊት፤ አገር ቤት ደግሞ ጦርነት። መርዶ ነው ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። የሚሉትን ሳልጠብቅ በረከቴ፣ ወንድሜ ብዬ ራሴን ይዤ ወለሉ ላይ ወደቅሁ።

እነሱ ደግሞ መርዶው ከእነሱ ቀድሞ ደርሶኝ መሰላቸው። አቶ ብርሃነ መስቀል ባርኔጣቸውን አውልቀው እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ አሉኝ፤ ይኼኔ ያለቀ ነገር ሆነብኝ። አቶ ሙስጠፋ ሆደ ባሻ ናቸው፣ ከእኔ ብሰው አለቀሱ። አቶ መንገሻ ስልካቸውን አውጥተው ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ወዲያው ቤቱ ሞላ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፣ ወንበር ከየት እንደመጣ እንጃ። የእኛ ሰው ልቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ሲወጣ በር ላይ ያጣራል።

የጠየቀው ባዕድ ነው። ከታች ያለችው ሜክሲኮአዊት ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ ሰው እየሞተ ነው ብላ ደውላ ኖሮ፣ የእሳት አደጋ መኪና ከነጩኸቱ ደጃችን ቆመ። ሄለናም ከሥራ የደረሰችው ያኔ ነው። የእሳት አደጋው ሰውዬ የታመመው ማን ነው፣ የሞተውስ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቃት። እሷ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች፤ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ እነሱ። መርዶውን ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ አይደላችሁ ወይ አልኋቸው። አቶ ብርሃነ መስቀል ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሡና፣ ኧረ እኛ የመጣነው ሄለናን ለመጠየቅ ነው አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳን ሆዜ የሚኖር ባስልኤል የሚባል ልጅ ሄለናን ወዶ ሽማግሌ ልኳል። የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ዓርብ አመሻሹ ላይ፣ በማግስቱ ሽማግሌ እንደሚመጣ ለደምመላሽ ቴክስት አድርጎለት ነበር፤ የእኔ ጌታ ደግሞ ስልኩን ሳያይ ተኝቷል። ሄለናም ታውቅ ነበር፣ ቀኑን ግን አልነገሯትም። ከለቀስተኛው አንዱ ሳቅ አመለጠውና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች ለልቅሶው ብለው ተቀምጠው ስለነበር፣ ወጉ እንዳይጎድል ተነሥተው እንደገና ቆሙ። ሳሌም እንኳ በእንግሊዝኛዋ ለምን ነው የሚነሡት የሚቀመጡት እያለች ትስቅ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ማንም ሳይነግረኝ የበረከትን ስም ጠርቼ እንዳለቀስሁ ሄለናም ሰምታለች። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ምን የምታውቂው አለ አለችኝ። የማውቀው የለም፤ የምጠረጥረው ግን አለ። ስልኩ ይሠራ በነበረ ጊዜ ወንድሜን አገናኙኝ ባልሁ ቁጥር፣ አንዴ ወፍጮ ቤት ነው፣ አንዴ ገጠር ወርዷል፣ በመጨረሻ ደግሞ ተኝቷል አሉኝ። አባዬ፣ በረከት ከተወለደ ጀምሮ በቀን ተኝቶ ያውቃል? አያቴ ያረፈች ጊዜ ፈተናዬን እስክጨርስ ደብቃችሁኝ ነበር። ያኔም ያላችሁኝ ተኝታለች ነበር።

ለሽማግሌዎቹ፣ አባቷ ሳይፈቅዱ መልስ የለንም ብለን ሸኘናቸው። ሄለና ልጁን ወዳዋለች፣ ከእርስዎ አልደብቅም። ነገር ግን የወንድሜን ነገር ሳላውቅ ቬሎ አልለብስም ብላለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሠርግ ያለበት ቤት መርዶ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሠርጉ እስኪያልፍ ሰው ሁሉ አፉን እንደሚይዝም አውቃለሁ። ይህ ደግነት እንጂ ክፋት እንዳልሆነም አይጠፋኝም። እኛ ግን እዚህ እልል ብለን ስንጨፍር እማዬ እዚያ ጥቁር ለብሳ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ይህንን ኋላ ብሰማ እኔ ራሴን ይቅር አልለውም።

ስለዚህ ለሄለና የሚሰጡትን ምርቃት በወረቀት ጽፈው ለሾፌሩ ይስጡልኝ፤ አቶ አክሊሉ ይዘውልኝ ይመለሳሉ። ከእርስዎ ጽሑፍ ሥር በረከት ራሱ አንዲት መስመር ይጻፍበት። ያን ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሕፈቱን ካየሁ በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹን ጠርቼ አስቀምጣቸዋለሁ። ታስሮም ከሆነ፣ ጫካ ገብቶም ከሆነ፣ እንዲሁ ይጻፉልኝ፤ አልፈርድበትም። ከዚያ የከፋም ከሆነ ይጻፉልኝ። ሽማግሌ አይላኩብኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉን ነበር፤ እኔ ማደሩ ከብዶኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ ብላለች ሄለና፤ እኔም እስማለሁ፤ ጠብታው ካለቀ አቶ አክሊሉ ሌላ ይዘዋል። አክስቴን እትዬ መንበረን ሰላም በሉልኝ፤ ሳሌም የላኩላትን ቀሚስ ለብሳ ትምህርት ቤት ሄዳበታለች። ለጎረቤታችን ለሀምዛና ለልጆቹ፣ ስማቸውን እየጠራሁ ሰላም እላለሁ። እርስዎንም ከነ ባለቤቴ ከነ ልጄ እጅ እነሣለሁ።

ለበረከትም ሰላምታዬን ንገሩት ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ይህን ወረቀት ለእሱ ስጡትና ራሱ ያንብብላችሁ።

ልጅዎ ጽናት
ፍሩትቬል፣ ኦክላንድ
ሰኔ ፭ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.