በጋሽ ታደሰ ፎቅ ላይ ያለው አንቴና

ግንቦት 21፣ ዓርብ። ከጧቱ 3 ሰ.

ቀይ መብራት። ዛሬም! ሞደሙን ነቀልኩ፣ አቧራውን ነፋሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሰካሁ። አረንጓዴ። ተመስገን። በሩን ሳልከፍት ሰው ተሰልፏል። ትናንት በዓል ስለነበር መ/ቤቱ ሁሉ ዝግ፤ ዛሬ ፎቶ ኮፒ ፈላጊውም ኢንተርኔት ፈላጊውም አንድ ላይ መጣ። ኮምፒውተሮቼ ሦስት። እኔ አንድ።

ከሰዓት በኋላ

ደብተሬ፣ ለማን ልንገር፣ ላንቺ ልጻፍ እንጂ። ወ/ሮ ስንዱ ቤይሩት ካለች ልጇ ጋር ልታወራ መጣች። ምስሉ ገና ሲመጣ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። የአሠሪዎቿን ነገር እያነሳች። ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። ከኋላ ተራ የሚጠብቀው ሰው ጣራ ጣራውን ያያል። ስንዱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ «እሺ ልጄ፣ እሺ የኔ እናት» ብቻ። ስትወጣ ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ሰው በገዛ ቤቱ ማልቀስ አለበት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሰው ወደ መስመሩ ከሚመጣ መስመሩ ወደ ሰው ቢሄድስ?

ግንቦት 28፣ ዓርብ

ደሴ ደርሼ መጣሁ። ወገቤ ተቆርጧል፤ መንገዱ ያው መንገድ ነው። ግን የቴሌ ፈቃዱ በእጄ! መስመሩን ለሰፈር ሰው እንዳከፋፍል ተፈቀደልኝ። የማላውቃት የመ/ቤቱ ልጅ ወንበር ሰጥታ፣ ያጎደልኩትን አስሞልታ፣ ምሳ ሰዓቷን እኔ ላይ ጨረሰች። ስሟን ሳልጠይቅ ወጣሁ። አላህ ይስጣት። ባለሙያም አገኘሁ፤ ዕቃውን ይዞ ይመጣል።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንቴና ይቆማል፤ በየቤቱ ጣራ ደግሞ ክዳን የምታክል መቀበያ ትሰቀላለች። ከፍ ያለ ቦታ ሲባል በሰፈራችን አንድ ፎቅ ብቻ ነው ያለው። የጋሽ ታደሰ።

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

እምቢ አሉ።

ጋሽ ታደሰ ግማሹን የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ፎቁ ላይ ብቻቸውን። ዐምና ክረምት ግቢያቸው ያለውን ባሕር ዛፍ መብረቅ ከሁለት ሰንጥቆታል። ገና አንቴና ከማለቴ፦

«ልጄ፣ ፈጣሪ በመብረቅ የሚፈልገኝ ከሆነ ቤቴን ያውቀዋል። አንቺ ደግሞ ምልክት አታቁሚለት።»

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ከዚያ ዕንባዬ መጣ። እሱን መዋጥ አልቻልኩም። ዕቃው መንገድ ላይ ነው። ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚያ ዕቃ ውስጥ ነው። ምን ነክቶኝ ነው ከኩታበር ድረስ መጥቼ በሰው አገር ይህን ያህል የምደፋፈረው?

ሰኔ 6፣ ቅዳሜ

እሰይ! እሰይ! እሰይ!

ሼህ ሙሄ ናቸው ያደረጉት። ከሱቄ ጀርባ ልጆችን ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩት። የአጥሩ ወዲያና ወዲህ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ከጋሽ ታደሰ ጋር አርባ ዘመን ሲጨቃጨቁ የኖሩ። ምርኩዛቸውን ይዘው አብረውኝ ሄዱ።

«ታደሰ፣ መብረቁ ላንተ ከተጻፈ ድንች ጉድጓድ ውስጥ ብትገባም ያገኝሃል» አሏቸው።

«እንግዲያው ድንች ጉድጓዱን ይምታ፤ ፎቄን ምን አገባው?»

«ልጄ ኢብራሂም ጅዳ ወልዷል። የልጅ ልጄን ፊት አላየሁም። ወደዚህች ወደ ዘይነባ ሱቅ እንዳልሄድ ጉልበቴ ወረፋ አያስቆመኝም። አሁን አንተ ፎቅህን ልትከለክለኝ ነው?»

ጋሽ ታደሰ የተሰነጠቀውን ባሕር ዛፍ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የመብረቅ መከላከያ ብረት ከነሽቦው ከአንቴናው በላይ ካልቆመና ሽቦው መሬት ውስጥ ካልተቀበረ አይሆንም አሉ። ይሆናል አልኩ። ጉድጓዱን ማንም እንዲቆፍርላቸው አልፈለጉም። ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ገቡበት። ሼህ ሙሄ ከላይ ሆነው «ጥልቅ አድርገው፣ ጥልቅ አድርገው» እያሉ አበሸቋቸው።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ረመዳን ከገባ አራተኛ ቀን። ከንፈሬ ደርቋል፣ ልቤ ግን ጠግቧል። አንቴናው ቆሟል! ባለሙያው ሲያጠብቅ ጋሽ ታደሰ መሰላሉን ይዘው። እሳቸውም የሐዋርያት ጾም ላይ ናቸው፤ ሁላችንም ጾመኛ።

መጀመሪያ የገባላቸው ሼህ ሙሄ። ቀጥሎ ስንዱ። ቀጥሎ ፋርማሲ ያለው ጎረቤቴ። ማታ ስንዱ አጥር ላይ ብቅ ብላ ጠራችኝ። ከልጇ ጋር በሯን ዘግታ አውርታለች። አለቀሱ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁ አለች። «ስስቅ የሰማኝ የለም» አለችኝ፤ እሷም እኔም በዚያ ሳቅን።

አልሃምዱሊላህ። ሌላ የምለው የለኝም።

ሰኔ 24፣ ረቡዕ

መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። የአንቴናው ባትሪ ግማሽ ቀን ያዘ። ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም «አብሽሪ» ይሉኛል፣ እኔ እነሱን ማጽናናት ሲገባኝ።

ዛሬ እትዬ ሞሚና መጡ። የእንድሪስ እናት። ስለ እንድሪስ ስንት ጊዜ ጽፌልሻለሁ፤ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤቴ። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም። ከቤተሰቡ ጋር በእጅ ነው የሚነጋገረው፤ ራሳቸው የፈጠሩት የእጅ ቋንቋ ነው፤ ት/ቤት የሚያስተምረው አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚችልበት ከእህቱ ከሰዓዳ ጋር ነበር። ሰዓዳ ሪያድ ከሄደች ሦስት ዓመት አለፋት። እናቷ ድምፅዋን በስልክ ይሰማሉ። እንድሪስ ምን ይሰማል?

አሁን ሰዓዳ ካሜራ ያለው ስልክ ገዝታለች፤ ለእናቷም በሰው ልካለች። መስመሩ ይግባልኝ አሉ። ችግሩ እንድሪስ ነው አሉ። ስልክ ባየ ቁጥር ተነስቶ ይወጣል። አለመስማቱ ከፍቶት ነው ይላሉ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

ሐምሌ 10፣ ዓርብ። ዒድ

እንደሆነው ልጻፈው።

ከሶላት መልስ እትዬ ሞሚና ቤት ተጠራሁ። የሰዓዳ አሠሪ ለዒድ ዘመድ ጥየቃ ትወጣለች፤ ቤቱ ባዶ የሚሆነው ለጥቂት ጊዜ ነው። እንድሪስን እናቱ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ራሱ የሰፋው። ፊቱ ጥቁር ብሏል።

ሰዓዳ መጣች። እጇን አነሳች። እዚያው ላይ ምስሉ ደረቀ። እጇ አየር ላይ፣ አፏ ገና ፈገግ ሊል።

እንድሪስ ስልኩን አየ። ከዚያ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የሰዓዳን ፎቶ በጣቱ መታ። ስልኩን መታ። ፎቶውን መታ፣ ያው ነው እንደማለት። እናቱን እንዲህ ባለ ዓይን ሲያይ አይቼው አላውቅም። ወደ በሩ ሄደ። እትዬ ሞሚና ሸሚዙን ጎትተው ያዙት።

ለምን እንደደረቀ እኔ አውቃለሁ። ዒድ ነው። የሰፈሩ ቤት ሁሉ ከዐረብ አገር ልጁ ጋር እያወራ ነው፤ ያለችኝ መስመር ደግሞ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ሱቄ ሄጄ ሁሉንም መቁረጥ እችላለሁ። ግን የከፈሉ ሰዎች ናቸው፣ በዒድ ቀን፣ ከልጆቻቸው ጋር። እንዴት ብዬ?

አልቆረጥኩም። ሮጥኩ። ሼህ ሙሄ ቤት ገባሁ። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው የልጅ ልጃቸውን በስልክ እያዩ ያጫውታሉ። እያለከለኩ ነገርኳቸው። አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ወደ ስልኩ ዞረው፦

«ኢብራሂም፣ ዝጋው። ተራውን ለሞሚናው እንድሪስ እንልቀቅለት። አንተ ድምፄን ያለ ምስልም ትሰማዋለህ፤ እሱ በምን ይሰማል?»

ዘጉ። ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ስንዱ ቤት። እኔ በወዲያኛው በኩል ወዳሉት ቤቶች። ጋሽ ታደሰ ግርግሩን ከፎቃቸው ላይ አይተው ምንድን ነው አሉ። ስነግራቸው ያ የአስተማሪ ድምፃቸው ወጣ፦ «ስልክ የያዘ ሁሉ ይዝጋ! ሁላችሁም! አሁኑኑ!» ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጣ። ያስተማሯቸው ሁሉ ዘጉ። ያላስተማሯቸውም ዘጉ።

ስመለስ እንድሪስ በሩ ላይ ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ስልኩ ውስጥ ሰዓዳ ትንቀሳቀሳለች። ትከሻውን ይዤ አዞርኩት።

አየ። አላመነም። ቀስ ብሎ ቀረበና ሦስት ጣቱን አሳየ። ሰዓዳ ግራ ገባት፣ ከዚያ ሦስት ጣቷን አሳየች። አንዱን አጠፈ። አጠፈች። እጁን ከጀርባው ደበቀ። ደበቀች። ዙሪ ብሎ ጣቱን አሽከረከረ። ሻሿን ይዛ ዞረች።

ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ጉንጩን መዳፉ ላይ አስተኛ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ በሌላው እጁ አፈር እንደሚመልስ ሰው ላዩ ላይ አለበሰ። እና በጣቱ ወደ እሷ አመለከተ። ጥያቄ ነበር።

እትዬ ሞሚና ጮኹ። «ያ ረቢ! ሞታለች ብሎ ነው! ልጄ ሞታለች ብሎ ነው የኖረው!»

ሰዓዳ ራሷን ነቀነቀች። አይደለም። አይደለም። ደረቷን መታች። እዚህ ነኝ። ከዚያ እጆቻቸው ፈጠኑ፣ እኔ አንዱንም አልያዝኩም። ቤቱ ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። ውጭም ሰው ሁሉ ስልኩን ዘግቶ በየበሩ ቆሟል።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ አልነበረም። እትዬ ሞሚና ጧት መጥተው እንድሪስ በእጁ የነገራቸውን አንድ በአንድ አስረዱኝ።

ሰዓዳ የወጣችው ከጎረቤት ልጅ ከዘሃራ ጋር ነው፣ በየመን በኩል። ዘሃራን ባሕር በላት። ሰፈሩ ለቅሶ ተቀመጠ። እንድሪስ ለቅሶውን አይቷል። እናቱም ስልክ ይዘው ሲያለቅሱ አይቷል፣ በየጊዜው። እኛ አገር መርዶ ለባለቤቱ እስኪነገረው እንደሚደበቅ ያውቃል። እና የሱ መርዶ የተደበቀበት መሰለው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚነግረው ሰው ሲጠብቅ ኖረ። የመጣለትን ፎቶ ሁሉ የድሮ ነው አለ። ስልክ ሲያይ ይወጣ የነበረው፣ እናቱ ለምን እንደሚያለቅሱ የገባው ስለመሰለው ነው።

«እንጀራ አብሮኝ እየበላ» አሉ እትዬ ሞሚና። «አንድ ገበታ ላይ። እንዴት አላየሁበትም?»

እጃቸውን ያዝኩ። እኔም በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ በየቀኑ አይቼዋለሁ። ኩሩ ነው፣ ቁጡ ነው እል ነበር። ሐዘንተኛ ነበር።

ዛሬ ሲሰፋ ዋለ። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ግራ ቅንድቡን በጣቱ ነካ። የሰዓዳ ስም ነው፤ እዚያ ላይ ጠባሳ አላት። እኔም ቅንድቤን ነካሁ።

የተዘጋበት ሰው አንድም አቤቱታ አላመጣም። ስንዱ ዳቦ ላከችልኝ። ጋሽ ታደሰ ጮኸው ጉሮሯቸው ዘግቷል፤ ሼህ ሙሄ ማር ይዘውላቸው ሄዱ፣ ሊያበሽቋቸውም ጭምር። ምስጋናዬን ለማን ከፋፍዬ እንደምጨርሰው አላውቅም።

ሐምሌ 26፣ እሑድ

የታች ሰፈር ሰዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዲት እናት ልጃቸው የማይሰማ፣ አባቱ ደግሞ ጅቡቲ። የእንድሪስን ወሬ ሰምተው ነው። አንቴናዬ እዚያ አይደርስም፤ ቀበሌውም ሌላ ስለሆነ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደሴ መመለስ አለብኝ፣ በዚህ ጭቃ። ሱቁንስ ማን ይይዘዋል? መስመሩ ከጠፋ ማን ያስነሳዋል?

ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። አሥር ሰዓት ላይ እንድሪስ ራሱ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ገባ። ሞደሙ ቀይ ሆኖ ነበር፣ እኔ ሳላየው። ነቀለ፣ አቧራውን ነፋ፣ ሰካ። አረንጓዴ ሲሆን ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ ይኸው እንደማለት።

የደንበኛ ስልክ ቢደወልበት ስንዱ በቅርብ ናት። ለሌላው ሥራ መስማት ምን ያደርግለታል?

ሐምሌ 27፣ ሰኞ። ጎሕ ሲቀድ

ወሰንኩ። የሱቁን ቁልፍ ለእንድሪስ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ መለሰልኝ፤ የሰው አደራ ከብዶት። በሦስተኛው መዳፉን በሁለት እጄ ዘጋሁለት። ኪሱ ከተተው። ከዚያ እንደገና አውጥቶ አየውና እንደገና ከተተው።

ዝናቡ አባርቷል። ሼህ ሙሄ በመስኮት ዱዓ አድርገውልኛል፤ ጋሽ ታደሰ ጃንጥላቸውን አበደሩኝ። ለታች ሰፈር ከፍ ያለ ቦታ የት እንደምናገኝ ገና አላውቅም። ምናልባት የት/ቤቱ ውኃ ማጠራቀሚያ ማማ፣ ቢፈቅዱልን። ስመለስ ርዕሰ መምህሩን አነጋግራለሁ።

አውቶብሱ ጡሩንባ እየነፋ ነው፣ ቦታዬን ሊይዙብኝ ነው።