አጥር የሌለው ኮረብታ

ከድርዬ፣ አካም ነህ? ናጋ ነህ? በሞት ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። መጀመሪያ የጎረቤታችንን የጫልቱን ልንገርህ። ጉልበቷ አሁንም ያማታል፤ ልጇ ግን መንታ ወልዳላታለች፣ ሁለቱም ሴት! ጫልቱም በራፏ ላይ ወንበር አውጥታ መንታዎቹን እያባበለች ኮረብታችንን ትጠብቃለች። ገመድ ይዛ የምትወጣ ሴት ካየች ድምጿ እስከ ገበያ ይሰማል፦ «አንቺ! እሱ እኮ የጥጃ ነው፤ ጥጃ ነሽ?» ዱሮ መጥረቢያ ይዛ ቀድማን የምትወጣው እሷ አልነበረችም?

ያን ጊዜ ታስታውሳለህ አይደል? ከደርግ መውደቅ ወዲህ ለማገዶም ለከሰልም ስንቆርጠው ራቁቱን የቀረውን ኮረብታ፣ እንደ ቦረና አባቶች ወግ ካሎ እናድርገው፣ ለጥጃና ለደከመ ላም ሣሩ ይከለል ብለህ ሰፈሩን አሳመንክ። ለንግድ ያቤሎ ደርሰህ ስትመለስ እኛ ጎበዞቹ አጥረን ጠበቅንህ። በምን? በራሱ በኮረብታው ግራር! የተረፉትን ዛፎች ቆርጠን! እኔም ቅርንጫፍ ስጎትት ውዬ በእልልታ ተቀበልኩህ። አንተ ጉቶዎቹን አይተህ መሬት ላይ ቁጭ አልክ። ከዚያ ተነስተህ «አጥር አያስፈልግም፣ ቃል ይበቃል» ብለህ አፈረስከው። የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ጉዮ ግን አጥር የሌለው ካሎ በር የሌለው ቤት ነው ብለው ተቆጡ፤ ሰላምታህንም ተዉ። ቃሉ ይጠበቅ አይጠበቅ ሳታይ ሄድክ። አንጀቴን ያቃጠለኝ ይሄ ነበር።

እና ስማኝ! ዘንድሮ በጋው ጨከነ። የሰው ዓይን ሁሉ ኮረብታው ላይ ነበር፤ እኔም በየጠዋቱ በሬን ስከፍት ቀድሜ የማየው እሱን ነው። ማንም አልገባም ከድርዬ፣ አንድም ሰው! ትናንት ጥጆቹ ሲገቡ ሣሩ ሆዳቸውን ይነካ ነበር። ጉቶዎቹስ ብትል? አቆጥቁጠው ትከሻዬ ደርሰዋል። እኔ ራሴ የቆረጥኩትን አንዱን አወቅኩት፤ እየዳሰስኩት አለቀስኩ፣ ደግሞም ሳቅኩ። ጥጆቹ በሚገቡበት ቀን በየዓመቱ አንተን ብዬ እወጣለሁ፣ እግሬ እስከቻለ ድረስ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማን መጣ መሰለህ? ኦቦ ጉዮ! ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። በራፉ ላይ እንደቆሙ በበትራቸው ኮረብታውን እያሳዩኝ «ሰውዬሽ ልክ ነበር» አሉ። እኔም በሬን ይዤ ሲሄዱ ቆሜ አየኋቸው። ትንሽ ራቅ ካሉ በኋላ ዞር ብለው ጮኹብኝ፦ «ታዲያ ምን ትቆሚያለሽ? ንገሪው እንጂ!»