ሁለት ጊዜ የተገለበጡ ገመዶች

ለምወድህ ወንድሜ ለሬይኖ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን ልጠይቅ። እንዴት ነህ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? ጉልበትህንስ ቅዝቃዜው እንዴት አደረገው? በዚያ ባዶ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ብቻህን ስትጠብቅ ከማን ጋር ታወራ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የአላስካ ጭጋግ ፖስታ የሚያመጣውን አውሮፕላን አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ያስቀረዋል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ወረቀት መቼ እጅህ እንደሚገባ አላውቅም። እማማ ደህና ናት። ወገቧን እያማረረች ሳውና ትገባለች፣ ስትወጣ ግን እንደ ኮረዳ ነው የምትራመደው። ልጅህ ሳይማም ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ስለወጣላት አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ደህና ነን አልኩህ እንጂ እኔስ አንድ ነገር ከብዶኝ ሰንብቷል። ላንተ ካልነገርኩህ ለማን እነግራለሁ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የወረዳችን የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ለአርቲስቶችና ለኪነ ጥበብ ሠራተኞች ሙያቸውን የሚያሳድጉበት አነስተኛ ድጎማ እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ቴአትር ቤቱ ደጅ ላይ ተለጥፎ አይቼው ለሠዓሊና ለዘፋኝ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ጋሽ አርቪድ ናቸው ቅጹን ቀደው ኪሴ ውስጥ የከተቱልኝ። ታውቃቸዋለህ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የመድረኩን ገመድ የያዙ፣ እኔንም ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ቅጹ «የጥበብ ሥራዎን ይግለጹ» ይላል። እኔም «ገመድ እጎትታለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልበል? ፖስታ ቤት ይዤው ስሄድ እዚያ የሚሠሩት እነ ቬራ መሳቂያ አደረጉኝ። «ኧረ አርቲስቷ መጣች! እስቲ እዚህ ፊርማሽን አሳርፊልንና ስትሞቺ ሸጠን እንክበር!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከምክር ቤቱ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። «ገመዱን የሚስብ ከሌለ መጋረጃው አይከፈትም፣ መጋረጃው ካልተከፈተ ዘፋኙን ማን ያየዋል? ገንዘቡ እንዳንቺ ላለችውም ነው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ ብልህ ታምናለህ? ሃያ ዓመት ከሰው ራስ በላይ ቆሜ ስሠራ ማንም ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ለአውቶቡስ፣ ለአልጋና ሚልዋኪ ለሚሰጥ የአምስት ቀን የመድረክ ገመድ ትምህርት የሚበቃ ነገር ሰጡኝ። አንድ ግዴታ ብቻ አለበት። በተመለስሽ በሠላሳ ቀን ውስጥ ምን እንደተማርሽና በሥራ ቦታሽ ምን እንዳዋልሽው ሪፖርት ትጽፊያለሽ፣ ኃላፊሽም ይፈርምበታል፤ አለዚያ ገንዘቡ ይመለሳል። ይህ እንኳ ቀላል ነው ብዬ ነበር።

አስተማሪያችን ዴዝመንድ የሚባል መርከበኛ የነበረ ሰው ነው፤ አንድ ጣቱ ከግማሹ የለም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ አሮጌ ገመድ አስያዘንና ከተገመደበት በተቃራኒ ጠምዝዘን ሆዱን እንድንከፍተው አዘዘን። «ገመድ ከውጭ አይሞትም፤ ከውስጥ ነው የሚሞተው» አለ። ደህናው ሲከፈት ማር ይመስላል፣ የሞተው ዱቄት ያረግፋል። ከዚያ ስለ መገልበጥ አስተማረን። ከላይ በሚሽከረከረው መዘውር ላይ የሚታጠፈው የገመዱ ጫፍ ቶሎ ስለሚጎዳ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ገመዱ ይገለበጥና ታች ያረፈው ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ሲደርስ ገመዱ ይጣላል፤ መልሰህ ከገለበጥከው ያንኑ የተበላውን ጫፍ መዘውሩ ላይ ሰቀልከው ማለት ነው። «ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ገመድ ገመድ አይደለም፣ ቀጠሮ ነው» አለን ዴዝመንድ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን የቤታችንን ገመዶች አሰብኩ።

የማዕድን ጉድጓዱ የተዘጋበትን ክረምት ታስታውሳለህ? ያኔ ከጋሽ አርቪድ ጋር የመድረኩን ስምንት ገመዶች በሙሉ ገልብጠናል። ጋሽ አርቪድ አንድ ገመድ በገለበጡ ቁጥር ጫፉ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ያን ቀን እኔ የያዝኳቸው ጫፎች ሁሉ ቀይ ክር ነበረባቸው። «ይኼ እኮ ከዚህ በፊት ተገልብጧል» ብላቸው «ዝም ብለሽ ያዢ» አሉኝ። ዝም ብዬ ያዝኩ። ሬይኖ፣ ግማሾቹን በዚህ በገዛ እጄ ነው የገለበጥኳቸው።

ተመልሼ የአውቶቡስ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ከመድረኩ በላይ ወዳለው የገመድ ሰገነት ወጣሁ። ስምንቱንም ከፈትኳቸው። ከሁሉም እንደ ሱረት ያለ ቡናማ ብናኝ መዳፌ ላይ ረገፈ። የባሱት ደግሞ ደወሉ የሚንጠለጠልባቸው ሁለቱ ናቸው።

ደወሉን አንተም ታውቀዋለህ፤ አባባ ፈረቃ ሲገባ ይሰማው የነበረው የጉድጓዱ ደወል ነው። ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ በየዓመቱ ለገና ዝግጅት መድረኩ ላይ ይሰቀልና ከመሬት በታች ለቀረው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ይመታል። ከሥሩ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሠላሳ ሁለት ልጆች በእንጨት ደረጃ ላይ ቆመው ይዘምራሉ። ዘንድሮ ሳይማ ሦስተኛው ረድፍ መካከል ላይ ናት። መቆሚያዋ ላይ ስሟ በነጭ ፕላስተር ተጽፎ ተለጥፏል። ደወሉ የሚሰቀልበትን ቦታ ቀና ብዬ አየሁ፣ መቆሚያዋ ትክክል ከደወሉ አፍ ሥር ነው የሚሆነው።

ጋሽ አርቪድ ቤት ሄድኩ፤ እንጨት ሲፈልጡ አገኘኋቸው። ለምን እንደመጣሁ አውቀዋል መሰለኝ፣ ገና ሲያዩኝ ነው መጥረቢያውን ያስቀመጡት። «ሁለት ዓመት ይይዙልኛል ብዬ ነበር» አሉኝ። «ከተማው ሥራ ፈት ሆኖ ማን ገመድ እንግዛ ይለኛል? ሁለት ዓመት ብቻ ብዬ ነበር። ከዚያ በየዓመቱ ደህና ዋሉ፣ እኔም በየዓመቱ አፈርኩ።» ልቆጣቸው ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። በኋላ ራሳቸው «በምትጽፊው ወረቀት ላይ ስሜን አትተዪው» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ሃርላን ግን ሪፖርቱን አንብቦ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

«ሄልሚ፣ ቋጠሮ ተማርኩ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ቋጠሮማ ድሮም አውቃለሁ» አልኩት።

«ይኼ ወረቀት የሚሄደው የቤቱን የዓመት ድጋፍ ለሚሰጡን ሰዎች መሆኑን ታውቂያለሽ? ኮርስ ላኩሽ እንጂ ቤቱን አስዘጊ አሉሽ?»

«ገመዱ ሞቷል።»

«ሰባት ዓመት የያዘ ገመድ ቅዳሜን አይይዝም? ከገና በኋላ እንነጋገራለን። ደወሉ ካልተሰቀለ ከተማው እኔን ነው የሚሰቅለኝ።»

ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ስጽፍልህ እንኳ እየተናደድኩ ነው፣ ግን ክፉ አይደለም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ስለሚቀለው ነው። የእሳት አደጋው አለቃ ዘንድ ሄድኩ። «እኔ የማውቀው እሳት ነው፣ ገመዱ ሲቃጠል ጥሪኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ለሁለት እናቶች ነገርኩ፤ አንዷ «አምስት ቀን ሚልዋኪ ውለሽ መሐንዲስ ሆነሽ መጣሽ?» አለችኝ። አዲስ ገመድ አዘዝኩ፣ በአሥር ቀን ይደርሳል አሉ። እዚህ ሱቅ ያለው ጀልባ ማሰሪያና የልብስ ማስጫ ብቻ ነው።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ማክሰኞ ዕለት ሳይማን ጉንፋን ይዟታል ብዬ ከልምምድ አስቀረኋት። ቅዳሜም እንዲሁ አደርጋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። የራሳችንን ልጅ ካወጣሁ የሌላው ለእናት አባቱ ብዬ። ትናንት ጠዋት ወደ መድረኩ ስገባ የሳይማ ፕላስተር ተልጦ በቦታው የሌላ ልጅ ስም ተለጥፏል፤ የጎረቤታችን የሊዲያ ታናሽ ልጅ፣ ያቺ ባለ መነጽሯ። እኔ ሳይማን ሳወጣ ያችን ልጅ አስገባሁበት። ፕላስተሩን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ለጠፉበት።

ደወሉን አልሰቅልም ብዬ ለሚስተር ሃርላን የነገርኩት ያኔውኑ ነው። እሱም ከእንጨት መሰንጠቂያው ሁለት ጎረምሶች አምጥቶ ራሱ አሰቀለው። እያፏጨ ነበር። መድረክ ላይ ማፏጨት ነውር መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ ድሮ ገመድ ያዦች የሚጠራሩት በፉጨት ስለነበር ያፏጨ ሰው ራሱ ላይ ዕቃ ያስወርዳል። ደወሉ ከትናንት ጀምሮ በእነዚያ ገመዶች ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ነገ ከሰዓት ልጆቹ በሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከሥሩ ይለማመዳሉ።

ስለዚህ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ ጋሽ አርቪድና እኔ እናወርደዋለን። ካወረድነው በኋላ ስምንቱንም ገመዶች በክንድ በክንድ እንቆራርጣቸዋለን፣ ማንም መልሶ እንዳያስራቸው። ቆርጠን ብንጥለውስ እንዳትለኝ፣ አስቤበታለሁ። ከመድረኩ ወለል ሥር የቤቱ ማሞቂያ ቦይለር አለ፤ ያ ሁሉ ነሐስ ከዚያ ከፍታ ቢወርድ ወለሉን በስቶ ቦይለሩ ላይ ነው የሚያርፈው። በዝግታ መውረድ አለበት። ችግሩ ደግሞ ዝም ብሎ የተንጠለጠለና የሚንቀሳቀስ አንድ አለመሆኑ ነው። ዴዝመንድ እንዳስተማረን፣ የሞተ ገመድ ቆሞ ይቆያል፣ የተበላው ቦታ መዘውሩ ላይ ሲያልፍ ነው የሚበጠሰው። ሪፖርቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። የሚስተር ሃርላን ፊርማ የለበትም፤ የእኔና የጋሽ አርቪድ አለበት። ገንዘቡን መልሺ ቢሉኝ እመልሳለሁ። «የተማሩትን በሥራ ቦታዎ ምን ላይ አዋሉት?» ለሚለው ግን የምመልሰውን ነገ ነው የማውቀው፤ ስለዚህ «ደወሉን አወረድን» ብዬ አስቀድሜ ጻፍኩት።

በል እንግዲህ ሬይኖ፣ ራስህን ጠብቅ። ምድጃውን ሳታጠፋ አትተኛ። ለውሻህና ደብዳቤ ለሚያመጣልህ አብራሪ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማማ ስማሃለች፤ የነገውን ነገር አልነገርኳትም፣ አንተም ስትጽፍላት አታንሳባት። ከጀመረችልህ የሱፍ ካልሲ አንዱን እግር ጨርሳለች። ሳይማ ናፍቃሃለች፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ ራሷ የጻፈችው ይኖርበታል ብላኛለች። ዝግጅቱ ቢቀርባት ታለቅሳለች፣ ታልቅስ።

ጋሽ አርቪድም ሰላም በለው ብለውኛል። ደወሉ ሲወርድ የመድረኩ መብራቶች የሚሰቀሉበት ቧንቧ ስለሚያግደው አንዳችን ከላይ ገመዱን ስንለቅ አንዳችን ከሥር የልጆቹ ደረጃ ላይ ቆመን በእጅ መግፋት አለብን። ከሥር እኔ እቆማለሁ ብለው ሞገቱኝ፤ «እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ» ይላሉ። ግማሹን የገለበጥኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። በመጨረሻ ዛሬ እዚሁ ወጥ ቤት ተቀምጠን በክብሪት እንጨት ዕጣ ተጣጣልን፣ አጭሩ የወጣለት ከሥር ሊቆም። አጭሩ ለእኔ ወጣ። ጋሽ አርቪድ እንደገና ይሁን አሉ፤ እኔ እምቢ አልኩ።

እህትህ ሄልሚ

ሃንስኮም፣ ሚሺጋን
ሐሙስ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1987