ፋይሉ አልጠፋም፤ ልጅቷ ግን አደገች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተርና ኔትወርክ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ እንዲሁም ያንኳኩት በር ሁሉ ፍቃድ ሳይጠይቅ የሚከፈትልዎ ኑሮ እመኝልዎታለሁ። እኔ ምድር ቤት ባለው ወርክሾፕ ሰው ሠራሽ እግር የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ቢሮዎ ድረስ ተመላልሼ የነገርኩዎት ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባለ፣ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብልዎ ይሰሙት ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሮቻችንን ስላዘመኑልን አመሰግናለሁ። ከታደሱ ወዲህ ስክሪናቸው ያምራል፣ ቶሎ ይነሳሉ፤ ፋይሎቻችን ሁሉ የተቀመጡበትን የጋራ ሰርቨር ብቻ አያውቁትም። የታካሚዎቻችንን የእግር ልክ ልንከፍት ስንል «ፍቃድ የለዎትም» ይሉናል። አስቀድሞ በአንዱ ላይ ቢሞከር ይህ ይታወቅ ነበር፤ እርስዎ ግን አድልዎ ስለማይወዱ ሁሉንም በአንድ ቀን አደሱልን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እርስዎን ለማያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ባለሙያዎ በደወልንለት ቁጥር ሳይሰለች «አጥፍታችሁ አብሩት» ስላለን አመሰግናለሁ። አጠፋን፣ አበራን። የይለፍ ቃል ቀይሩ ተባልን፣ ቀየርን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ እንጂ እኛስ ታዘናል።

ሦስተኛ፣ በዚህ መሀል እናቷ ከሩቅ አዝላ ያመጣቻት አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። ልኳን ወስደን፣ ትምህርት ሲከፈት በሁለት እግርሽ ትገቢያለሽ ብለን ቃል ሰጠናት። ልኩ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ነው፤ እግሩን የሚቀርጸው ማሽናችንም ልኩን የሚያነበው ከዚያው ብቻ ነው። የጄሶ ቅርጿን ደግሞ «ቦታ ያጣብባል፣ ሁሉም በሰርቨሩ ይቀመጥ» በሚለው ማሳሰቢያዎ መሠረት በመዶሻ ሰብረን ጥለነዋል። ትምህርት ተከፈተ፤ ልጅቷ ክፍል የገባችው በእናቷ ጀርባ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። እርስዎ ግን «ፋይሉ አልጠፋም፣ ተረጋጉ» ብለው መለሱልን። እውነትዎን ነው፣ አልጠፋም። ልጅቷ ግን ፋይሉ እስኪከፈት ድረስ ማደጓን አላቆመችም።

ትልቁ ምስጋናዬ በመጨረሻ ሰርቨሩን ስለከፈቱልን ነው። ልጅቷን አስጠርተን እንደገና ለካን፤ አዲሱን ልክ ስናስገባ ኮምፒውተሩ «ተቀምጧል» አለን፣ አመንነው። ማሽኑ ያወጣው እግር ግን በአሮጌው ልክ ነበር። ለካ የተፈቀደልን ማንበብ ብቻ ኖሯል፤ መጻፍ አልተፈቀደልንም፣ የጻፍነውም እዚያው በእኛው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። ይህን ላመለክት ስመጣ ጸሐፊዎ ጉዳዩ «ተፈቷል» ተብሎ መዘጋቱን በትሕትና ነገረችኝ።

ስለሆነም ከብዙ ሥራዎ መሀል ጥቂት ጊዜ ቢያገኙ፣ የታካሚዎቻችን ልክ ባለባት በአንዲት የሰርቨሩ ማኅደር ላይ ብቻ የመጻፍ ፍቃድ እንዲሰጡን እለምናለሁ። ልጅቷ እርስዎን ለመጠበቅ ፈቃደኛ ናት፤ አጥንቷ ግን አልሰማ ብሏል።

ማሳሰቢያዎን ሁሉ አንብቤ የፈጸምኩ፣ መጻፍ ስላልተፈቀደልኝም ይህንን በእስክሪብቶ የጻፍኩ፣

የምድር ቤቱ እግር ሠሪ

ማስታወሻ፦ እግሩ አልገባ ሲላት ልጅቷ ቀና ብላ አይታኝ፣ ስላደገች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሮቹ ከታደሱ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ይቅርታ የጠየቀ ሰው እስካሁን እርሷ ብቻ ናት።