ለሰርግ የማትሆን መኪና

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጣሁ። ኮዬ ፈጬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ሃምሳ ሰው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አንድ ሚኒባስ መጣና በመስኮት የገቡት ሞሉት። ታዲያ ሰልፉ ለማን ነው?

ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። የቤት መኪኖቹ ናቸው። አንድ ሰው መሪ ይዞ፣ አራት ባዶ ወንበር… እያዩን ያልፋሉ። እኔ መኪና ቢኖረኝ ባዶ ወንበር ይዤ ሰልፍ አላልፍም። ይኸው ጻፍኩት።

ሜክሲኮ ቢሮ ስደርስ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። አሻራ የሚነካው ሁለት ተኩል ላይ ነው። መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ፋይል የማደራጅ ሴትዮ፣ ዛሬ የራሴ ፋይል ውስጥ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ገባ። ሦስተኛው ስንብት ነው። ሰባት ዓመት ሠርቼ በታክሲ ምክንያት ልባረር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ወሰንኩ። ዕቁቤ ወጥቶልኛል፣ የቆጠብኩትም አለ። ትንሽ መኪና። ቤንዚን የማትጠጣ፣ መንገድ ላይ የማታቆመኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ቢሮ ያሉት ኤሌክትሪክ ግዢ አሉኝ። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ገመድ በመስኮት ልጣል?

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ቃሊቲ፣ ጋሽ ተሰማ ቤት። አባቴ ካረፈ ወዲህ የቤተሰቡ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በታናሽ ወንድሙ በእሳቸው በኩል ነው። መኪና ልገዛ ነው አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም ሞኝ፣ ለእኔ መስሎኝ…

ትንሽ ናት የምፈልጋት ስል ፊታቸው ተቀየረ። ጋሽ ተሰማ መኪና ማለት ለሰርግም ለለቅሶም የምትሆን ናት አሉ። ጥር ላይ የእህቴ የማህሌት ሰርግ አለ፤ ሙሽራዋን በምን ልናጅባት ነው? ደግሞስ ስትሸጥ ዋጋ የምታወጣ መሆን አለባት። ገና ሳልገዛት ሸጧት!

በየቀኑ ኮዬ ሜክሲኮ የምመላለሰው እኔ ነኝ። ሰርግ በዓመት ስንቴ ነው? ይህንን ግን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። ለምን አልተናገርኩም? አሁን ደብተር ላይ ጀግና ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ጋሽ ተሰማ መኪና አገኘሁልሽ ብለው ጠሩኝ። ሴት ልጅ ብቻዋን መኪና አትገዛም፣ ያታልሏታል ይላሉ። ሚራክል የሚባል ደላላ አብሯቸው አለ። ትልቅ ነጭ አውቶሞቢል። ሞተሩ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቅ ደላላው መልሱን ለጋሽ ተሰማ ይነግራል። ቤንዚን ስንት ትበላለች ብዬ ስጠይቅ አሁንም ለእሳቸው። የምከፍለው እኔ ነኝ እኮ!

ሉቃስ የሚባል መካኒክም ይዘው መጥተዋል። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ዘጋ። «ንጹህ ናት» አለ። በቃ። ሐኪም እንኳ አፍሽን ክፈቺ ይላል።

ኪሎሜትሩ ዘጠና ስድስት ሺህ ይላል። ለነገ ቀብድ ላስይዝ ተስማማሁ። ሆዴ ግን አልወደዳትም። ማስጠንቀቂያው ነው ያስቸኮለኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 23



ቀብዱን ከመስጠቴ በፊት ልቀመጥባት አልኩ። ጸሐይ መታኝና ከመሪው በላይ ያለውን መከለያ ዝቅ ሳደርግ አንዲት ካርድ ጭኔ ላይ ወደቀች። ዘይት ቀያሪዎች የሚሰጧት፣ ቀጣዩ ዘይት በስንት ኪሎሜትር እንደሚቀየር የሚጻፍባት ካርድ። ታርጋው የዚችው መኪና። ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት። ቀጣይ መቀየሪያ፦ ሁለት መቶ አርባ አንድ ሺህ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት መቶ አርባ ሺህ ሊሞላት ነበር፣ ዛሬ ዘጠና ስድስት። መኪናዋ ወደ ኋላ ነው ስትሄድ የኖረችው?

ካርዷን ለጋሽ ተሰማ አሳየኋቸው። ይጮሁልኛል ብዬ ነበር። ደላላውን አንገቱን ይይዙታል ብዬ ነበር። አንብበው መለሱልኝ።

«ቆጣሪው ወደ ኋላ ያልዞረ የት ይገኛል?» አሉ።

ያውቁ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ለሚያገናኝ ሰው ይታሰብለታል፣ ደንብ ነው አሉኝ። የእሳቸውም አለበት ማለት ነው። የሉቃስም። «ንጹህ ናት» ያለውም ለዚያ ነው። ሰው እንዳያታልለኝ ብለው ራሳቸው…

ገንዘቤን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ወጣሁ።  ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። የአባቴ ወንድም ነው። ሰው እንዲህ ይደረጋል? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ አንቱ የለም። ተሰማ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሁለት ሰዓት ከሃያ ስምንት። ሁለት ደቂቃ ሲቀር! ከቄራ ጀምሮ በእግሬ ሮጬ። ነገስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ አደ ዳሲቱ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ግቢው ሁሉ ወይዘሮ ሳይሆን በኦሮምኛው አደ ዳሲቱ ነው የሚላቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ አባታቸው እዚሁ ጤፍ ያርሱ ነበር። መኪና እንደምፈልግ ሰምተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ማታ አይነዱም፣ ቪትዛቸውን ሊሸጡ ነው። ግቢ ውስጥ በየቀኑ አያታለሁ፣ ትንሿ ሰማያዊ። አንድ ቀን እንኳ ትሸጥ ይሆን አላልኩም።

ሊያሳዩኝ ያመጡት መኪናዋን አይደለም፣ ደብተር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤንዚን በቀዱ ቁጥር ቀኑን፣ ሊትሩን፣ ኪሎሜትሩን ጽፈዋል። በቀይ እስክሪብቶ፣ ፈተና እንደሚያርሙ። ደምሬ አካፈልኩት። በሊትር አስራ አምስት ኪሎሜትር ከምናምን። የመጨረሻው ቁጥርና ዳሽቦርዱ ላይ ያለው አንድ ነው።

ለምን እንደምፈልጋት ጠየቁኝ። ሥራ ለመሄድ አልኳቸው።

«እንግዲያስ ውሰጂያት» አሉ።

ሌላ መካኒክ፣ እኔ ራሴ ፈልጌ አመጣለሁ። አደ ዳሲቱ አስር አምጪ ብለዋል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቁልፉ ትራሴ ስር ነው። መካኒኩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ የኋላ ፍሬን ሸራ መቀየር አለበት አለ። እንከን ነግሮኝ እንዲህ ደስ ያሰኘኝ ሰው የለም።

ማህሌት ደወለች። ተሰማ ሰምቶ «ጫማ ነው የገዛችው?» ብሏል አሉ። አዎ፣ ጫማ ነው። በልኬ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

አንድ ሳምንት ሆነኝ። አንድም ቀን አላረፈድኩም።

ዛሬ ጠዋት የኮዬን ሰልፍ ሳልፍ እንደ ልማዴ ሦስት ሴቶች ጫንኩ፤ ሦስቱም ቃሊቲ ወረዱ። እዚያ ያለውም ሰልፍ ረጅም ነው። መሃሉ ላይ አሮጌ ካፖርት፣ አንገት በሻርፕ የተጠቀለለ… ተሰማ።

እግሬ ቤንዚን ላይ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ ላልፈው ነበር። ደስ እያለኝ ነበር የማልፈው። እሱም አይቶኛል፤ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። በመስታወት ባዶ ወንበሮቼን አየሁ። ጥቅምት አስራ አንድ የጻፍኩት ትዝ አለኝና ራሴን ረገምኩ።

ቆምኩ። በሩን ከውስጥ ከፈትኩለት። ከኋላው ያሉትን ሁለት ሰዎችም ጠራሁ፣ ከእሱ ጋር ብቻዬን እንዳልሆን።

ፊት ተቀመጠ። ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ነካ።  ሳሪስ ስንደርስ፣ ስትሸጥ ስንት ታወጣለች አለኝ።

«አትሸጥም። ቀበቶዎን ይሰሩ» አልኩ።

አሰረ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም ይቅር አላልኩም። አሁንም ያንገበግበኛል። ጎተራ ወረደ። በሩን ሊዘጋ ሲል ጎንበስ ብሎ፣ ሳያየኝ፣

«ነገም በዚህ ሰዓት ነው የምታልፊው?» አለ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ ቆሜ አልጠብቅም አልኩት።

ሁለት ሰዓት ከአስራ ሁለት አሻራ ነካሁ። ነገ የፊቱን ወንበር ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት አለብኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።