ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ልጄ መጥታ ነበር። የመድኃኒቴን ከረጢት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ በሩ ላይ ቆመች፣ ወደ ሳሎኑ አየች።

«እማዬ፣ እነዚህን ሣጥኖች መቼ ነው የምትጥያቸው?»

ስፒከሮቹን ነው። ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ቆመዋል፤ ወገቤ ጋ ይደርሳሉ። አባቷ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነ፤ እነሱም ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

«ቦታ ይዘዋል እኮ።»

ሻይ አፍልቼ ነበር፤ «ቸኩያለሁ» ብላ ሄደች። ሁሌም ቸኩላ ነው የምትመጣ። ሳሎን ውስጥ ቁጭ ስትል ያየኋት መቼ ነው? አላስታውስም…

አቧራቸውን ጠረግኩ። አንደኛው ላይ እጄን አሳርፌ ቆየሁ። ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ልሞክራቸው አልኩ። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ቁጭ ብዬ ገመድ ስሰካና ስነቅል የኖርኩ ሴት ነኝ። በገዛ ቤቴ ግን የስፒከር ገመድ ነክቼ አላውቅም። «ተይው አንቺ፣ ይሄ እንደ ቴሌፎን አይደለም» ይለኝ ነበር። እሺ፣ መምህር! ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ቀይ እስክሪብቶው ቤትም ውስጥ ከኪሱ አይለይም፤ የአስቤዛ ዝርዝሬን ሳይቀር ያርምልኛል።

አምፕሊፋየሩን አበራሁት። ጭጭ። መብራቱም አልበራ። የአንዱን ስፒከር ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ልሰካ ታገልኩ። ራቁቱን የሆነ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ተንበርክኬ መነሳት አቅቶኝ የወንበር እግር ይዤ ተነሳሁ። ሳቄ መጣ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቮልት ጋ ሄድኩ። ሬዲዮ ጠጋኙ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

«እትዬ፣ እነዚህ ስፒከሮች የራሳቸው ጉልበት የላቸውም» አለኝ። «ግድግዳው ላይ ቢሰኳቸው ይቃጠላሉ እንጂ አይዘፍኑም። ጉልበት የሚሰጣቸው አምፕሊፋየሩ ነው። እሱ ከሞተ ባዶ ሣጥን ናቸው።»

«ሣጥን አትበላቸው!»

ለምን እንደተቆጣሁ አላውቅም። እሱም ደነገጠ።

«ይቅርታ። አምፕሊፋየሩን ያምጡልኝና ልየው…» ብሎ ትንሽ አመነታ። «መምህሩ ግን እኔ እንድነካው የሚፈልጉ አይመስለኝም።»

«መምህሩ የሉም» አልኩት። ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አምፕሊፋየሩን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወሰድኩለት። ደረጃው ላይ ጎረቤቴ «ማን ወለደ?» አለችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ዳነ! ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ውስጡም ያበጠ ነገር ነበረበት አለ። ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ። ከቴፑ ጋር አገናኘው፣ ከዚያ ስፒከሮቹን አዙሮ ጀርባቸውን በባትሪ አየ። የግራውን ማያያዣ የሸፈነ የቁስል ፕላስተር ነበረ፤ በምላጭ ቀደደና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ቀኙ ሄዶ አየ፣ ተመልሶ የግራውን አየ።

«ምነው?»

«ምንም…»

«ተናገር እንጂ።»

«የግራው ገመድ ተገልብጧል፣ እትዬ። ቀዩ ሽቦ ጥቁሩ ላይ፣ ጥቁሩ ቀዩ ላይ ነው የታሰረው።»

«ታዲያ ምን ይሆናል?»

«አይቃጠልም። ግን አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስባል፤ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት። ወፍራሙ ድምፅ መሃል ላይ ይጠፋፋል።»

መጀመሪያ እንደነበረው አጫወተልኝ። አቤት… የቤቴ ድምፅ! ቀጭን፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ የሚመስል፣ ዘፋኟ የት እንደቆመች የማይታወቅ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ቮልት አላየሁም ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ አጠፋው፣ ቀዩን ከቀዩ ጥቁሩን ከጥቁሩ አሰረ፣ አበራው።

ምን ብዬ ልጻፈው? ወለሉ ከእግሬ ሥር ተነፈሰ። ዘፋኟ መጥታ መሃል ሳሎን ቆመች። ለካ በዚያ ዘፈን ውስጥ ባስ ጊታር የሚመታ ሰው ነበረ! አርባ ዓመት ሙሉ እዚያው ሆኖ ሲመታ ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ አልሰማነውም።

«ነግሬያቸው ነበር» አለ ቮልት፣ ወደ መሬት እያየ። «የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ሬዲዮ ላደርስ መጥቼ። በር ላይ ሆኜ ብሰማው… ‹መምህር፣ አንዱ የተገለበጠ ይመስለኛል› አልኳቸው። ‹ውጣ› አሉኝ።»

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ስናደድ ዋልኩ። ከማን ጋር ልጣላ? ከፎቶ ጋር?

«የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ይል ነበር። ጆሮ ነበረው፣ ያንን አልክደውም። ግን ጥፋቱ የእሱ ሊሆን አይችልማ! የአበባ ማስቀመጫዬን አስነሳ። በእጄ የሰፋሁትን መጋረጃ አስወረደ፤ ወፍራም ሰቅዬለት ደግሞ «አፈነው» አለ። ምንጣፉ፣ ካሴቱ፣ መብራት ኃይሉ… ሁሉም ተራ በተራ ተወቀሰ።

ከዚያ ደግሞ… ይሄን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ከግራው ስፒከር ጀርባ ገብታ በአሻንጉሊቷ ስትጫወት አገኛት። አልመታትም፤ እሱ እጁን አንስቶ አያውቅም። «አንቺ ነሽ ለካ ያበላሸሽው!» አላት። «አባዬ፣ አልነካሁም…» «ዝም በይ!» ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ፣ ድምፁ ባላማረው ቁጥር፣ «የእመቤቲቱ ሥራ ነው» ይላል፤ በቀልድ አስመስሎ፣ በእንግዳ ፊት ሁሉ። እሷም እሑድ እሑድ እሱ ካሴት ሲያጫውት ሳሎን መግባት ተወች። ትንሽ ቆይታ ጨርሶ ተወችው።

እኔ የት ነበርኩ? እዚያው። ልብስ እያጠፍኩ። ምን አልኩ? ምንም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት ነክታው ቢሆንስ?

ጠዋት መስኮቱ ላይ ያለውን ፕላስተር አነሳሁ። ቮልት በምላጭ እስኪቀደው ማንም አልፈታውም፤ ማጣበቂያው እንኳ እንጨቱን ይዞ ነው የተነሳ። ላዩ ላይ ጽሑፍ አለ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ «ግራ» ይላል፤ ከሥሩ ቀን ጽፏል። ወደዚህ ቤት የገባንበት ሳምንት ነው።

ልጄ የተወለደችው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አንድ ነገር አደረግኩ፤ ለማንም አልናገርም። አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ፣ በገዛ እጄ የግራውን ገመድ መልሼ ገለበጥኩት። እንደ ጥንቱ። ከዚያ አበራሁ።

መጣ። በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር… አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ካሴቱን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ። «ነይ፣ ነይ፣ ይህችን ስሚልኝ» ይለኛል፤ እጄ እርጥብ እንደሆነ እሄዳለሁ። ካልሲ አድርገን ምንጣፉ ላይ እንደንሳለን፤ ይረግጠኛል፣ «አንቺ ነሽ እግርሽን ያስገባሽው» ይላል። ስንት እንዲህ ያለ እሑድ! ስታመም ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ያደረው እሱ። የገዛ ልጁን አንገት ያስደፋውም እሱ። ምን ላድርግ፣ አንድ ሰው ናቸው።

የካሴቱ አንድ ጎን እስኪያልቅ ሰማሁት። ከዚያ ተነስቼ ቀዩን ከቀዩ አሰርኩ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ደወልኩላት። «ነይ።» «ምነው፣ አመመሽ?» «አላመመኝም። ነይ ብቻ።»

እየሮጠች መጣች። ዘፈኑን ከደረጃው ጀምራ ሰምታዋለች። ሳሎኑ በር ላይ ቆመች፤ አንድ እርምጃ አልገባችም።

«አሠራሻቸው?»

ፕላስተሩን ሰጠኋት። አነበበችው። ገልብጣ አየችው። እንደገና አነበበችው። ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁ።

«ይሄ እኮ እማዬ… እኔ ገና…»

«አልተወለድሽም። ራሱ ነው ገልብጦ ያሰረው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተገልብጦ ነው የኖረው።»

«እኔ አይደለሁም?»

ሁለት ልጅ ያሳደገች፣ መሥሪያ ቤት የምታስተዳድር ሴት ናት። ድምፁ ግን የዚያች የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

«አይደለሽም፣ የኔ እናት። አንድም ቀን አንቺ አልነበርሽም።»

መጥታ የእሱ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ። ቆይታ ቀና አለችና፦

«አንቺስ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር የኖርኩት።

«እሑዱ እንዳይበላሽብኝ» አልኳት። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በይኝ።»

ዘፈኑ አለቀ፣ ሌላ ጀመረ። ባስ መቺው ገባ። ልጄ ፊቷን ጠረገች፣ ፕላስተሩን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው።

«የሒሳብ መምህር!» አለች። «ሁለት ሽቦ! ሁለት!»

እኔ ቀድሜ ሳቅኩ። እሷ ተከተለችኝ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ አውርተን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ለካ ስሙን ስንፈራው ነበር፣ ሁለታችንም።

አመሻሹ ላይ ባሏ ደወለ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ የግራው ስፒከር ላይ ተደግፋ ነበር።

«እማዬ ጋ ነኝ» አለችው። «አይ፣ ደህና ናት። እናንተ ብሉ… እኔ ገና ነኝ።»