ያልተባለውን የጻፍኩበት ሳምንት

ሰኞ

አሥራ አራት ስህተት። ከሃያ ሦስት ጥያቄ አሥራ አራት! ባለፈው ሳምንት አሥራ ሁለት ነበር። ዓይኔ እያየ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው።

ሒሳቡ ግድ የለም። የሚገድለኝ ይኼ ቨርባል የሚሉት የእንግሊዝኛ ንባብ ክፍል ነው። አንብቢ ይላል፤ አነባለሁ። ጸሐፊው ሳይናገር የገመተው ምንድን ነው ይላል፤ እመርጣለሁ። መልሱን ስገልጥ ያቺው ዓረፍተ ነገር ትጠብቀኛለች፦ «እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ግን እንዲህ አላለም።» አሥራ አራት ጊዜ አላለም።

የዛሬው፦ አንድ ፋብሪካ መብራቱን ቀየረ፣ አደጋ ቀነሰ። እኔ ወዲያው ሠራተኞቹ በጨለማ ሲደናበሩ ታዩኝ። ማን ነገረሽ? ማንም። ራሴ ፈጥሬ ራሴ አዘንኩላቸው።

ፈተናው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው፣ አዲስ አበባ። እሑድ በጎንደር በኩል መነሳት አለብኝ። አምና ቨርባሉ ጎትቶ ጣለኝ። ያመለከትኩበት የቢዝነስ ትምህርት ቤት አሁን የመጨረሻ ዕድል ሰጥቶኛል፦ ነጥቡን ካመጣሽ ነፃ ትምህርቱ ያንቺ ነው፣ ካላመጣሽ ከእንግዲህ ፊትሽን አታሳዪን። በዚህ ቋንቋ አልጻፉትም። (አየሽ? አሁንም ጨመርሽ!)

መለማመጃውን የምታትምልኝ ጓደኛዬ ሐያት ናት። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ከዳባት ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ነው። ደጃፏ ላይ አጎቴ ጋሽ አድማሱ ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በኮምፒውተር እመታለሁ። ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ሐያት ዛሬ ወረቀቱን ስታቀብለኝ፣ «ብርቱ፣ ወላሂ ማሽኑ እንኳ እንግሊዝኛ ለመደ፤ አንቺ ብቻ ቀረሽ» አለችኝ። ሳቅሁ። ቤት ስገባ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

ጋሼ ለቅሶ ደባርቅ ሄዱ። «ባለጉዳይ ከመጣ ነገ ይምጣ በይ» ብለውኝ ነበር። አላልኩም።

እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሴት ከአምባራስ መጡ። ታመው ጎንደር ሲተኙ በቅሏቸውን እዚህ ዳባት ላለው ወንድማቸው በአደራ ሰጥተው ነበር። አሁን ቢጠይቁት አልመልስም አለ። «ወንድሜ ነው እኮ ልጄ! ባዕድ ቢሆን ባልከፋኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ቁጭ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት፦ «ተከሳሽ ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድሜ ሲሆን፣ ከአባታችን የወረስናትን በቅሎ የእህትነት እምነቴን በማጉደል…» በውበቱ ራሴ ተደነቅሁ። ቶሎ ቶሎ አነበብኩላቸው፤ መለማመጃዬ ይጠብቀኛል። «አፍሽ ይባረክ» አሉኝ። አሻራቸውን አኖሩ፣ ሬጅስትራሩ ማኅተም መታ፣ አንዱ ቅጂ ለሰውየው ሄደ። ቀጠሮ ለዓርብ።

በሳምንቱ የመጀመሪያዋ ድል። ዛሬ አሥራ ሦስት ስህተት።

ረቡዕ፣ ገብርኤል

ድል አይደለም። ጥፋት ነው።

ጋሼ ከቅዳሴ መልስ የቀረውን ቅጂ አንስተው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። መልሰው አጠለቁ።

«የስንዱ አባት በቅሎ አወረሱ?»

«አዎ… ማለት…»

«አባቷን አውቃቸዋለሁ። ዶሮ እንኳ አላወረሱም።»

«ወንድሜ ብለውኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ የሐያትን አባት ወንድሜ አይደል የምለው? ከአንድ እናት ወጣን?»

ሰውየው ለካ የአክስታቸው ልጅ ነው። በቅሎዋን ደግሞ እትዬ ስንዱ ራሳቸው ናቸው የገዟት። «ከአባታችን የወረስናት» ብዬ ስጽፍ ሰውየው ድርሻ አለው ማለቴ ነው። ግማሽ በቅሎ በማኅተም ሰጠሁት! ያውም በእሳቸው አሻራ።

«ማመልከቻ ላይ አንቺ የለሽበትም» አሉኝ ጋሼ። «የተባለውን ትጽፊያለሽ፤ ያልተባለውን ትጠይቂያለሽ። ይኼ ዲግሪሽ ጉሮሮው ሰፊ ነው፣ ያልጎረሰውን ይውጣል።»

ፈተናውም ይኼንኑ እንደሚለኝ አልነገርኳቸውም። አፈርኩ። ዛሬ አንድ ጥያቄ አልሠራሁም።

ሐሙስ

እትዬ ስንዱን ከቀጠሮው በፊት አግኝቼ ማመልከቻውን ማሻሻል አለብኝ። ያረፉት ደባርቅ ዘመድ ቤት ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። መንገድ ላይ ሦስት ጥያቄ ሠራሁ፤ ሦስቱንም ሳትኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ ወረቀቴን አይተው፣ «ድጓ ነው እንዴ እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?» አሉኝ። ምነው ድጓ በሆነ።

ደባርቅ ስደርስ ዘመዳቸው በር ላይ፣ «አሁን ገና ወደ ዳባት ወረደች» አለችኝ። መንገድ ላይ ተላልፈናል! ዳባት የት እንደሚያድሩ አታውቅም። ስልክ የላቸውም። ተመልሼ መናኸሪያውን፣ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞርኩ። የሉም።

ነገ ሰው በቅሎውን ቢያጣ በኔ ነው። እሑድ ደግሞ ወደ ፈተና እሄዳለሁ። ምን አፍ አለኝና ነው የማላውቃቸውን ፈረንጆች ሙግት የምመዝነው? ልተወው ይሆን?

ዓርብ፣ ማርያም

እትዬ ስንዱን ያገኘኋቸው በችሎቱ በር ላይ ነው፣ ሊገቡ ሲሉ። ጥፋቴን ነግሬ ሳልጨርስ ስማቸው ተጠራ። ማመልከቻ ጸሐፊ ጠበቃ አይደለም፤ ጋሼም እኔም ከኋላ ወንበር ተቀመጥን።

ሰውየው ወረቀቴን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ያዘ። «እሷው ጽፋዋለች ጌታዬ፣ ያባታችን ናት ብላ!»

ዳኛው ወደ እትዬ ስንዱ ዞሩ። «ወንድምዎ ነው?»

«አዎን፣ ወንድሜ ነዋ!»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳላስበው ተነሳሁ፤ «እናቱ ማን እንደሆነች ይጠየቁልኝ!»

«አንቺ ማነሽ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ያላሉትን ጻፍኩ።»

ዳኛው ቁጭ በይ አሉኝና ትንሽ አስበው ጠየቁ። «እናቱ ማን ናት?»

«አክስቴ ናት።»

«በቅሎዋስ ከማን የመጣች ናት?»

«ከማንም! ነጭ ሽንኩርቴን ሸጬ የገዛኋት። ሻጩ ቆሞ ይመሰክርልኛል።»

ሰውየው ጮኸ፦ «ወንድሜ ነው ብላለች እኮ!»

«እኔም ሰምቻለሁ» አሉ ዳኛው። «ከአንድ እናት ተወለድን ግን አላለችም።»

አቤቱታው ተሻሽሎ ይቅረብ ተባለ፤ ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ። በቅሎዋ ገና አልተመለሰችም፤ ግን ለሁለት አልተከፈለችም። ውጭ እትዬ ስንዱ ክንዴን ያዙኝ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «አንቺ ልጅ፣ በቅሎዬን ከመሐል ልትሰነጥቂያት ነበር!» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ እኔ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ጠዋቱን በሙሉ ማመልከቻውን እንደገና ጻፍኩ። ጋሼ ሥራውን ለኔ ትተው ጢማቸውን ያሻሉ። በያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እትዬ ስንዱን እየጠየቅሁ፣ ያሉትን ብቻ። ሦስት ጊዜ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። አያምርም። ደረቅ ነው። ጋሼ አንብበው፣ «እህ» አሉ። ከሳቸው ይኼ ምርቃት ነው።

ከሰዓት መለማመጃ። በያንዳንዱ ጥያቄ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «እናቱ ማን ናት?» ብዬ ጻፍኩ። መብራቱ ተቀየረ፣ አደጋው ቀነሰ። እሺ፣ በዚያው ወር ሌላ የተቀየረ ነገር የለም ያለው ማነው? ማንም አላለም! ለካ ጸሐፊው ሳይናገር የገመተው እሱን ነው። ቤቱን በጩኸት ሞላሁት።

ስምንት ስህተት። ከስምንት ማሳነስ አለብኝ። ግን ስምንት!

ሐያት፣ «ማሽኑ ይቅርታ ይጠይቅሻል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ነገ የጎንደር መንገድ ይዘጋል ይባላል አለችኝ። ማን አለ ብላት፣ «ሰዉ» አለች።

እሑድ፣ ጊዮርጊስ

በጎንደር መንገድ ኮሶዬ ላይ ቆመናል። ጉም ነው፤ ከፊታችን ያለው መኪና ጅራት እንኳ በግድ ይታያል። ሾፌሩ ወርዶ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ያወራል። ሁለት ሰዓት ሊሆነን ነው። ጉልበቴ ላይ ስድስት ጥያቄ ሠራሁ፤ ሁለቱን ሳትኩ። ብርዱ እጄን ስላደነዘዘው ይሆናል። (ይሆናል።)

ጠዋት መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር። ወደ ጎንደር የሚሄደው ይኼ መኪና ብቻ፤ እሱም ሞልቷል። ረዳቱ ቦርሳዬን መልሶ ሰጠኝ። አለቀ አልኩ። አምናም አለቀ፣ ዘንድሮም አለቀ። መሬት ላይ ቁጭ ልል ስል እትዬ ስንዱ ከሕዝቡ መሐል ነጠላቸውን እየሰበሰቡ መጡ፤ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና ሲጠብቁ ነው። የረዳቱን እጅጌ ጨምድደው ያዙ።

«እህቴ ናት። አስገባት።»

«እትዬ፣ ቦታ የለም እኮ። እህትዎ ናት?»

«እህቴ ናት አልኩህ!»

እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ሁለቱን ጋቢና ያሉ ሰዎች ጠጋ በሉ ብሎ አስገባኝ። እናቷ ማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም።

ሾፌሩ አሁን ተመልሶ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። መንገዱ ይከፈታል ያለ የለም። አይከፈትም ያለም የለም። ይኼን ብቻ ጻፍኩ።